የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአቶም ቦምብ የጣሉት ቢ-29 አውሮፕላኖች

የታሪክ ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ያጠናው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ የጣሉትን ቢ-29 የተባሉ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ታሪክ ነው። ርእሱን የመረጥነው ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሂሮሺማ የተመታችበት 80ኛ ዓመት ስለሆነ ነበር። አብዛኞቹ አባላት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «መጣሉ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብለው ለመከራከር ቸኩለው ነበር፤ እኔ ግን አውሮፕላኑ እንዴት እንደተሠራና ለምን እንደተለወጠ ሳይታወቅ የሚሰጥ ፍርድ ከስሜት አያልፍም ብዬ ስለማምን ክርክሩን ወደ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አሻገርሁት።

በጥቅምት ወር አባላቱ የአውሮፕላኑን ቅርጽ በገመድና በኖራ በኳስ ሜዳው ላይ በሙሉ መጠኑ አሰመሩ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሜትር። የፊትና የኋላ ክፍሎቹ የአየር ግፊታቸው የተጠበቀ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉት ከቦምብ ማስቀመጫዎቹ በላይ በተዘረጋ፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቱቦ ውስጥ እየዳኹ ነበር። ይህን ለመሞከር ዴስኮች ደርድረን በሥራቸው ስንድህ፣ ከሁሉ ረጅም የሆነው የ11ኛ ክፍል ተማሪ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቀረና በእግሩ ጎትተን አወጣነው።

የቢ-29 ፕሮግራም 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ ይህም የአቶም ቦምቡን ለመሥራት ከወጣው 2 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው መስከረም 11 ቀን 1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራቱ ሞተሮች ከልክ በላይ እየጋሉ በእሳት ይያያዙ ነበር። በዚሁ ዓመት የካቲት 11 ቀን ሁለተኛው የሙከራ አውሮፕላን በሲያትል ከተማ በአንድ የሥጋ ፋብሪካ ላይ ወድቆ፣ ታዋቂው የሙከራ አብራሪ ኤዲ አለን ከባልደረቦቹ ሁሉ ጋር ሞተ፤ ከፋብሪካው ሠራተኞችም ብዙዎች አለቁ።

ለአቶም ቦምቡ የተመደቡት አውሮፕላኖች «ሲልቨርፕሌት» በሚል የምስጢር ስም ተለይተው ተሠሩ። ክብደታቸው እንዲቀንስ ከጅራቱ በቀር መትረየሶቻቸው ተነሡ፤ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝነውን ቦምብ አንጠልጥሎ የሚለቀው መሣሪያ ደግሞ ከእንግሊዞቹ ላንካስተር አውሮፕላን የተወሰደ ነበር። አባላቱን ይበልጥ ያስገረመው አውሮፕላኖቹ በተነሡባት የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት በቲኒያን የተቆፈረው ጉድጓድ ነው። ቦምቡ በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሊገባ ስላልቻለ መጀመሪያ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከጉድጓዱ በላይ ሲቆም፣ ቦምቡ በሃይድሮሊክ ማንሻ ወደ ላይ ይወጣል። ጉድጓዶቹ ዛሬም በደሴቲቱ ላይ ይታያሉ።

ኮሎኔል ፖል ቲቤትስ በእናቱ ስም «ኤኖላ ጌይ» ያለውን አውሮፕላን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ45 ላይ ከቲኒያን አስነሣ። የቦምቡ ኃላፊ ሆኖ አብሮ የበረረው ካፒቴን ዊልያም ፓርሰንስ ሌሎች ቢ-29ዎች ሲነሡ ወድቀው ሲቃጠሉ አይቶ ስለነበር፣ ቦምቡን ባሩድ ያጎረሰው አየር ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ቦምቡ በሂሮሺማ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተለቀቀ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሞተው ሰው ወደ 140,000 ይገመታል። ነሐሴ 3 ቀን ሻለቃ ቻርልስ ስዊኒ «ቦክስካር» በተባለው አውሮፕላን የተላከው ወደ ኮኩራ ነበር። ዳመናና ጭስ ከተማዋን ስለሸፈናት ግን ወደ ናጋሳኪ ዞረ፤ ቦምቡን ከጣለ በኋላም ነዳጁ ተሟጦ ኦኪናዋ ላይ ለማረፍ ተገደደ። በኮኩራ ጉዳይ አንድ ሙሉ ስብሰባ አሳልፈናል፤ እንደ እኔ የዓመቱ ምርጥ ውይይት እሱ ነበር።

በግንቦት የተካሄደውን ክርክር አቅጣጫውን ያስለወጠችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የካቲት 30 ለመጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. አጥቢያ ተራዎቹ ቢ-29ዎች በቶኪዮ ላይ ባዘነቡት ተቀጣጣይ ቦምብ በአንድ ሌሊት 100,000 ያህል ሰው ማለቁን አንሥታ፣ «ለመሆኑ መስመሩ የታለፈው የትኛው ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ አባል የጣልያን አውሮፕላኖች በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን መደብደባቸውን አስታወሰ። ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱም ወገን እኩል ሆነ፤ እኔም የመለያውን ድምፅ እንድሰጥ ብጠየቅ እምቢ አልሁ።

ኤኖላ ጌይ ዛሬ በቨርጂኒያ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ተቋሙ ቀደም ሲል አዘጋጅቶት የነበረው ሰፊ ዐውደ ርእይ የጦር አርበኞችና የኮንግረስ አባላት ስለተቃወሙት በጥር 1987 ዓ.ም. ተሰርዟል። ለወላጆች ቀን በሠራነው የካርቶን ሞዴል ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የእኛም ልጆች በዚያው ነገር ተጣሉ፤ ገሚሱ የክንፉ ልክና የሞተሩ ጉልበት ይበቃል ሲል፣ ገሚሱ የሟቾቹ ቁጥር ካልተጻፈ ሞዴሉ አይወጣም አለ። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብም በእረፍት ሰዓት አነበበልን።

በሚቀጥለው ዓመት የምናጠናው፣ ሶቪየቶች ቭላዲቮስቶክ አካባቢ ካረፉ ቢ-29ዎች አንዱን ፈታትተው አስመስለው የሠሩትን ቱ-4 አውሮፕላን ነው። ምዝገባው በመስከረም ይጀመራል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም መመዝገብ ይችላሉ።