ወባ ካልሆነ ምን ይሁን? ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎች፣

ኮምቦልቻ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ትኩሳት ሲበዛ ውሏችን ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ወባ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ የምጽፍላችሁ ወባ ስላልተገኘባቸው ሰዎች ነው፤ አንዳንዶቹ ዴንጊ፣ ማለትም ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ በሽታ፣ ይዟቸው ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

እነሱ ብዙ ጊዜ ዊዳልና ዌል-ፌሊክስ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይታዘዙላቸዋል። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላሉ። አንቲባዮቲክ ይጻፍላቸዋል፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይወጋሉ፣ ይሸኛሉ። ምርመራዎቹ እንደማያስተማምኑ እኛም ሐኪሞቹም እናውቃለን። ግን እጃችን ላይ ሌላ ምን አለ? በሽተኛውም ቢሆን «ምንም አልተገኘብህም» ሲሉት ይቆጣል።

ዴንጊ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆነ። በ2019 እዚያው ቺኩንጉንያ፣ ያም በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2023 ዴንጊ አፋር ክልል ሎጊያና ሚሌ ደረሰ። ሚሌ ማለት በባቲ በኩል ቁልቁል ወርደን የምንደርስባት ናት። የጂቡቲ ከባድ መኪና በዚያ ይመላለሳል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩም ወሎዬውም አብሮ ይውላል። ቫይረስ የሚያስቆም ኬላ የለም።

ትንኟም የለመድናት ዓይነት አይደለችም። ዴንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትናደፈው በቀን ነው፣ አጎበር ብቻውን አይበቃትም። የምትራባውም በርሜል፣ ጀሪካንና የተጣለ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ያ የዲክሎፌናክ መርፌ ነው። ዴንጊ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌት ያወርዳል፣ ሲከፋ ያደማል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማቱን ያባብሱታል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃ ነበር። ሌላም አለ፦ ትኩሳቱ በረድ ሲል «ተሻለው» ብለን እንሸኛለን፤ አደገኛው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሆዱን አጥብቆ የሚያመው፣ ማስታወኩ አልቆም ያለው ወይም ድዱ የሚደማ ሰው ወደ ቤት መሄድ የለበትም። ዴንጊ አራት ዓይነት ስለሆነ ዘንድሮ በአንዱ ታሞ የዳነ ሰው ለከርሞ በሌላው ሲያዝ ሊብስበት ይችላል። ያለፈውን ሳንመዘግብ ይህን በምን እናውቃለን?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በባቲ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ ሆስፒታሎች ቋሚ ቅኝት ይጀመር። ትኩሳት ይዞት ከመጣና ወባ ካልተገኘበት ሰው፣ ሁሉም ባይሆን በየሳምንቱ ከተወሰኑት፣ ደም ይወሰድ። ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት የተወሰደ ደም ቫይረሱን ራሱን ለሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ፣ ከዚያ በኋላ የተወሰደው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ለሚፈልገው የአይጂኤም ምርመራ ይሆናል። ቀኑ ካልተጻፈ ኔጋቲቭ የሚል ውጤት ቢመጣም የሚነግረን ነገር የለም። ለድንገተኛ ክፍል ደግሞ የዴንጊ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ይላክልን።

ውጤቱም ወደ ሐኪሙ ይመለስ። ናሙና እየላከ መልስ የማያይ ባለሙያ ውሎ አድሮ መላኩን ይተወዋል፣ አልፈርድበትም።

በርሜልና ጎማ የመፈተሹን ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይችሉታል። የትኛው ቀበሌ እንደሚቀድም የሚነግራቸው ግን የሆስፒታሉ ውጤት ነው። ስለዚህ ከባቲ ጀምሩልን፣ የሚቀጥለው የወባ ወቅት ሳይገባ።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ