ግድብ አለ ብሎ መተኛት

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጎርፍ መከላከያ ግድቦች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥቅማቸውን በደንብ አስረድቷል። ደህንነታቸውን ግን በአንድ መስመር አልፎታል።

ጎርፍ የሚይዝ ግድብ ክረምትን ጎድሎ መጠበቅ አለበት። ውኃው ሲመጣ ይይዛል፣ ቀስ እያለ ይለቃል። የመብራት ግድብ ግን ሞልቶ ቢገኝ ይወዳል። እዚህ ጅማ «ግልገል ጊቤ እያለልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ግልገል ጊቤ ግን የተሠራው ለመብራት ነው፤ ያውም ከእኛ በታች ነው!

በጳጉሜን 2015 ዓ.ም በሊቢያዋ ደርና የተደረመሱት ሁለት ግድቦች የተሠሩት ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሰው ግድብ ሲያይ ይዘናጋል፣ ወንዙ አፍ ላይ ቤት ይሠራል። የተጠራቀመ ደለልና ያልተጠገነ ስንጥቅ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ሥር ቆማችሁ እዩ። ሃይላንዱና ፌስታሉ ከጭቃው ጋር ተጠቅጥቆ የውኃውን መንገድ ዘግቶታል። ግድብ እስኪታሰብ ድረስ ከሰኔ በፊት ይህ ይጠረግ። የድልድዩ ምሰሶ ላይ ቀይ መስመር ይቀባ፤ ውኃው ሲነካው በኦሮምኛና በአማርኛ በድምፅ ማጉያ ይነገር። የቦዬ ረግረግም አይደፈን፤ ጎርፉን ያለ ሲሚንቶ የሚይዝልን እሱ ነው።

አንባቢ፣ ከጅማ