ያንቺን ጉሮሮ ተይውና ስለ እማማ እናውራ

ውዴ እንዴት ነሽ ባክሽ? ልጆቹስ? ነገ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ እየተባባልን ይኸው ስንት ጊዜ ተጠፋፋን፣ ቴሌግራም ላይ ያንን ረጅም ቮይስሽን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ዲውቲ ላይ ሆኜ ቆርጬ ቆርጬ ሰማሁት፣ ማታ ደግሞ ቤት ገብቼ እንደገና ከፈትኩት። በስልክ ላወራሽ ነበር ግን አንቺን አውቅሻለሁ፣ መሃል ላይ ትገቢና ወሬውን ሌላ ቦታ ትወስጂዋለሽ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያንቺን ቶሎ ልጨርሰው። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቆሞብኛል፣ ምራቄን ስውጥ ይሰማኛል፣ ካንሰር ይሆን እንዴ ብለሽ ጎግል ላይ አድረሻል። እሺ ስትበዪስ? ራስሽ እኮ ክትፎ በልቼ ምንም አልሆንኩም ብለሻል (ክትፎውን ያለኔ መብላትሽን በኋላ እንተሳሰባለን)። ባዶ አፍሽን ስትሆኚ ተሰምቶሽ ስትበዪ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው ወይ ቃር ነው። ጠዋት ድምፅሽ የሚጎረንነው፣ አፍሽ የሚኮመጥጠው፣ ማታ አራት ሰዓት ራት በልተሽ እዛው ስለምትጋደሚም ይመስለኛል፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ቶንሲል ቢሆን ደግሞ ድንገት ነው የሚነሳው፣ ትኩሳት አለው፣ በሳምንት ውስጥ ይለቅሻል። ራትሽን አስቀድሚ፣ የድምፅሽ ነገር ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ከአንገት በላይ ሐኪም ይይሽ። በቃ።

አሁን ስለ እማማ። ቮይሱ ሊያልቅ ሲል "እማማ ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች፣ ጾሙ ነው፣ ደሞ እህል ያለ ውሃ አልወርድ ብሏት አጥሚት ብቻ ሆናለች፣ እንደ ልጅ አደረጋት እኮ" ብለሽ ስቀሽ አለፍሽው። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፣ የምግብ ቱቦ ካንሰር እንዳይሆን ፈርቼ።

እኔ የምሠራው ኢንዶስኮፒ ክፍል፣ የምግብ ቱቦና ጨጓራ በካሜራ የሚታይበት፣ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ እናቶችን "መዋጥ ያስቸግርዎታል?" ብለሽ ብትጠይቂያቸው "ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሁሉንም እበላለሁ" ነው የሚሉሽ፣ ስለዚህ እኔ "ምን ምን መብላት ተዉ?" እላለሁ። ያኔ ነው የሚወጣው። ሥጋ ትቻለሁ፣ ደረቅ ዳቦ ትቻለሁ፣ እንጀራውን በወጥ አርሼ በውሃ ነው የማወርደው፣ አሁን አሁንማ ገንፎም እየያዘኝ ነው... ሴትየዋ ሳታውቀው አንድ በአንድ ከማዕዷ ላይ አንስታዋለች ማለት ነው። ያመኛል የሚል ግን ብዙም የለም፣ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ምግብ የሚወርድበት ቱቦ 25 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጡንቻ ነው፣ ይለጠጣል፣ ዕጢ ሲያድግበት ለተወሰነ ጊዜ እየተለጠጠ ያሳልፋል። እንጀራ መያዝ ሲጀምር መንገዱ ቀድሞ በጣም ጠቧል ማለት ነው። ከዛ በኋላ አይመለስም፣ ጠጣሩ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ቀጥሎ ፈሳሹ፣ መጨረሻ ላይ የራሷ ምራቅ። ምራቁን እዛች ጥቁር ፌስታል ውስጥ እየተፋ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ተራ የጉሮሮ ችግር ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፣ ዛሬ ብሶበት ነገ ይሻለዋል። በሳምንታትና በወራት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነገር ግን ዝም አይባልም። ሌላም ልብ በይ፣ የበላችው እንዳለ ተመልሶ ይመጣል ወይ፣ ድምፅዋ ተዘግቷል ወይ፣ ውሃ ስትጠጣ ያስላታል ወይ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት እንደሆነ ወንድምሽን ጠይቂው። ጾሙ ነው አላችሁ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሥጋው ተመለሰላት?

ጤና ጣቢያ ወስደዋት ጉሮሮዋን በባትሪ አይተው ንጹህ ነው፣ አሞክሳሲሊን ሰጧት ብለሻል። አዎ ንጹህ ነው የሚሆነው። ሰው አንገቱን እየጠቆመ እዚህ ጋ ያዘኝ ሲል የያዘው ደረት ውስጥ ወይ ከዛም በታች ሊሆን ይችላል፣ በባትሪ እዛ አይደረስም። ደግሞ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዙ ጨጓራ ነው እያሉ ወራት ማሳለፍ አለ፣ ቃሩን ያስታግስና ዋናውን ይሸፍነዋል። እንጥሏ ወርዶ ነው ብሎ ሊያስቆርጣት የሚመጣ ጎረቤት ካለ ደግሞ አደራሽን እንዳትሰሚው፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ትርፉ። ጸበሉን ትጠመቅ፣ ማን ይከለክላታል፣ ግን ምርመራው ጸበሉ እስኪያልቅ አይቆይ።

"እማማ እኮ ሲጋራ አታውቅ መጠጥ አታውቅ" ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ከበቆጂ ነሽ፣ አካባቢው እንዴት እንደሆነ አይጠፋሽም። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በምሥራቁ በኩል የምግብ ቱቦ ካንሰር የሚበዛበት ቀበቶ አለ፣ እኛ አገር አርሲና ባሌ ናቸው በብዛት የሚነሱት፣ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ገበሬ እናቶችም ይታመሙበታል። ለምን እንደሆነ አንድ መልስ የለውም። በጣም ትኩስ ነገር ይጠረጠራል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣን ትኩስ ነገር ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እማማ ያንን የገብስ ገንፎ ከምድጃ እንደወረደ፣ መሃሉ ላይ ቅቤው እየፈላ፣ እየነፋችም ሳትጠብቅ ስትጎርስ ትዝ ይለኛል፣ እኛን ምላሳችንን ሲያቃጥለን ትስቅብን ነበር። አሁን ግን ምክንያት ፍለጋው ይቆይ፣ እሷንም በገንፎ እንዳትቆጫት።

ካንሰር ነው እያልኩሽ አይደለም። የቆየ አሲድ የፈጠረው ጠባሳም ቱቦውን ያጠበዋል፣ በፊኛ ይሰፋል። አካላዥያ የሚባልም አለ፣ የቱቦው መጨረሻ አልከፈት ሲል ማለት ነው፣ እሱ ከመጀመሪያው ውሃውንም እህሉንም አንድ ላይ ነው የሚይዘው። እንቅርት ተጭኖም ሊሆን ይችላል። ግን በግምት አይለይም፣ ኢንዶስኮፒ ነው የሚለየው፣ ቀጭን ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ጉሮሮዋ በስፕሬይ ይደነዝዛል፣ ባዶ ሆዷን ማደር አለባት፣ ናሙና ይወሰድና ወደ ፓቶሎጂ፣ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ላብራቶሪ፣ ይላካል። በጊዜ ከተደረሰበት ቀዶ ጥገናም ኬሞም ጨረርም አለ፣ ቢዘገይም እንኳ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ገብቶ ቢያንስ የምትበላውን ያስወርድላታል።

እና እንዲህ አድርጊ። ዛሬውኑ ለወንድምሽ ደውይ፣ አሰላ ኢንዶስኮፒ በዚህ ሳምንት ካላቸው እዛ ይውሰዳት፣ ቀጠሮው ከራቀ አዲስ አበባ ያምጣት፣ እኔ ቤት ነው የሚያርፉት፣ ሆቴል ምናምን እንዳትዪኝ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ካርቶኑን ይዞ ይምጣ። ለእሷ "ለጨጓራሽ ነው" በያት፣ ትመጣለች። ከደወልሽለት በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፣ ዝም እንዳትዪ።

ያንቺው ጓደኛ