ቀለም የሚያስወግድ ኮሚቴ አላችሁ፤ የሚሰጥስ?

ለተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፣

ስምዎንም የቢሮዎንም ስም አልጽፍም። ደብዳቤው ሲደርስዎ ራስዎ ያውቁታል፤ የክረምት ሠልጣኞች የሥዕል ቀለም ጉዳይ አዲስ አይደለማ! በግል የጻፍኩልዎት ደብዳቤ፣ የመዝገብ ቤታችሁ ክብ ማህተም ያረፈበት ቅጂ፣ እጄ ላይ አለ። በአካልም መጥቻለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ቅሬታ ሰሚው ክፍል ቅሬታዬን ሰማ። ሰማ፣ አለቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የደረሰኝ መልስ «ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ይላል። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የከሰስኩት ክፍል ነው። ስለዚህ አሁን ሰው እያየው እጽፋለሁ።

ቦሌ አራብሳ የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዲፕሎማ አለኝ። ዲግሪዬን በሥነ ጥበብ መምህርነት በክረምት መርሃ ግብር እየተማርኩ ነው። ኮሌጁ እናንተ ስር ያለ፣ ከከተማው ዳር የተሠራ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ያለውን የሐምሌ ጭቃ በእግሬ ነው የምገፋው። በጭቃው አላማርርም። ጭቃው የእርስዎ ሥራ አይደለም።

የእርስዎ ሥራ ይኸውልዎት። ባለፈው ክረምት የቀለም ቅብ ኮርስ ነበረን። የኮርሱ ዝርዝር አብዛኛው ጊዜ ለተግባር ነው ይላል። ስቱዲዮ አለ። ኢዝል፣ የሥዕል ማቆሚያው፣ አለ። የሚያስተምር ሰው አለ፣ ጎበዝም ነው። ቀለም የለም። የለም ስል ግን ገበያ ጠፋ ማለቴ አይደለም። በጀት አልነበረም ማለቴም አይደለም። ቀለሙ ተገዝቷል። ከስቱዲዮው ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል።

በዓይኔ ነው ያየሁት። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ወንበር ሊያወጣ በሩን ሲከፍት ከኋላው ቆሜ ነበር። መደርደሪያው ላይ ካርቶን በካርቶን ላይ። ፖስተር ከለር፣ አክሪሊክ፣ ላስቲኩ ያልተፈታ ብሩሽ። አንዱ ካርቶን ጎኑ ተቀዶ ሰማያዊ ቱቦዎች ወጣ ወጣ ብለዋል። «ይሄ ለማን ነው?» አልኩት። «ለናንተ ነዋ!» አለኝ። «ታዲያ ስጠና!» ብለው «ቆጠራ ላይ ነን፣ መምህርት» ብሎ ወንበሩን አውጥቶ ቆለፈ። በሰውየው አልፈርድም። ቢጎድል ከደሞዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው።

እርስዎ ደግሞ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስቶር ይታሸጋል፣ ቆጠራ ይገባል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል ቢባልም ወርዶ ሥራ ላይ እስኪውል ጊዜ ይፈጃል። የክረምት ሠልጣኝ መቼ ነው የሚመጣው? ሐምሌ። መቼ ነው የሚሄደው? ነሐሴ ሲያልቅ። እኛ ስንመጣ ስቶሩ ታሽጓል፤ ስቶሩ ሲከፈት እኛ ሄደናል። ይሄ የአንድ ዓመት አጋጣሚ አይደለም። ከእኛ በፊት የተመረቁትም ይህንኑ ነው የሚያወሩት። የትምህርት ክፍሉ ሞዴል 20፣ የንብረት መጠየቂያውን ቅጽ፣ ሞልቶ ጠይቋል፤ ቅጂውን አሳይተውኛል። «ቆጠራው ሳያልቅ ሞዴል 22 አይቆረጥም» (ንብረት ከስቶር የሚወጣበት ቅጽ ነው) የሚል መልስ በእስክሪብቶ ተጽፎበት ተመልሷል።

ውጤት መግባት ስላለበት ኮርሱ እንደምንም መዘጋት ነበረበት። ስለዚህ የቀለም ቅብ ፈተና ተፈተንን። በምርጫ! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ያውም በእንግሊዝኛ። ሂዩ (የቀለሙ ዓይነት) ምንድን ነው፣ ቫሊዩ (ብሩህነቱና ጨለማነቱ) ምንድን ነው፣ ክሮማ (ድምቀቱ) ከሁለቱ በምን ይለያል። እኔ ሽምደዳ ላይ አልታማም። ኤ አገኘሁ። ትራንስክሪፕቴን የሚያይ ሰው ቀለም መቀባት አንደኛ ነኝ ብሎ ያስባል። በዚያ ኮርስ ውስጥ አንድም ቀን ብሩሽ አልነካሁም።

አብሮን የሚማር አንድ መምህር አለ። ትርፍ ጊዜውን ለገጣፎ አካባቢ ታፔላ ይጽፋል። የፀጉር ቤት፣ የጁስ ቤት፣ የጎሚስታ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ስለ አረንጓዴ አወራን። ፈተናው ላይ ሰማያዊና ቢጫ ምን ይሰጣሉ የሚል ጥያቄ ነበር፤ መልሱ አረንጓዴ። «የትኛው ቢጫ?» አለ። ሎሚ የመሰለው ቢጫ ከሆነ ጥርት ያለ አረንጓዴ ይወጣል። የእንቁላል አስኳል የመሰለው ከሆነ ግን ውስጡ ቀይ አለበት፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ሰማያዊ ከጨመርክበት ደግሞ የደፈረሰ፣ የወይራ ቅጠል ዓይነት ነገር ይሰጥሃል። ይህን ሲነግረን በማንኪያው ሶፍት ላይ ያሳየን ነበር። እኔ የኤ ተማሪዋ አፌን ከፍቼ እሰማዋለሁ። እሱ ስንት አገኘ? ሲ። ሂዩና ክሮማ ተምታተውበት።

የጻፍኩልዎት ለዚህ ነው። ያለ ቀለም ከተማርነው ትምህርት ይልቅ የእሱ ሲ ነው የሚያንገበግበኝ። ቀለም የሚያውቀውን ሰው ዝቅ፣ የማታውቀውን ከፍ አድርጋችሁ በማህተም አጸደቃችሁ። ነገ እድገት ሲመጣ በውጤት ነው የሚወዳደረው። ከእኔ ጋር!

ከእናንተ ቢሮ አንድ ባለሙያ፣ በትህትና ነው፣ «በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ቁሳቁስ ተጠቀሙ» ብለውኛል። ተጠቅመናል እኮ! ከሰል ፈጭተናል። ቀይ አፈር ወንፍተናል። እርድ በሙጫ በጥብጠን ቢጫ ሠርተናል፤ እርድ ፀሐይ አይችልም፣ መስኮቱ አጠገብ የሰቀልነው ሥዕል ወዲያው ነጣ። ለልጆች ይሄ ጥሩ ትምህርት ነው፣ እኔም ክፍሌ ውስጥ እሠራበታለሁ። ሰማያዊ ግን ከአራብሳ አፈር አይወጣም። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ሰማያዊውን ብዙ ጊዜ ከባህር ማዶ በመጣ ቀለም ነበር የሚሠሩት። ደግሞስ ቀለም ባይኖር ከሰል መፍጨት ብልሃት ነው። የተገዛ ቀለም ኮሪደር ማዶ ተቆልፎበት ከሰል መፍጨት ምን ይባላል?

እኛ ሳንማር የምንቀረው ነገር ልጆቹ ላይ ነው የሚወርደው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ክወናና እይታ ጥበባት አለ። ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቲያትር፣ ሁሉም በአንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ መምህር። እሺ፣ እንችላለን። ግን ቢያንስ አንዱን በእጃችን እንወቀው። ትምህርቱ እንደሁ ድሮውንም የሚናቅ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ የ8ኛ ክፍል የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ማጠናከሪያ ይወሰዳል፣ ማንም አይጠይቅም። መምህሩ ራሱ ቀለም የማያውቅ ከሆነ በምን አፉ «ክፍለ ጊዜዬን መልሱልኝ» ይላል?

መድረክ ላይ ግን ሌላ ናችሁ። ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሪባን ትቆርጣላችሁ። እንግዳ ሲመጣ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ታሳያላችሁ። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ስለከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ንግግር ታደርጋላችሁ። እዚያ ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምሯል። ያስተማረው በምርጫ ጥያቄ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ አበቃለሁ። ቀለም ዕድሜ አለው። ፖስተር ከለር ብልቃጡ ውስጥ ይሰነጣጠቃል፣ አክሪሊክ ቱቦው ውስጥ ይጠጥራል። ከደረቀ በኋላ ስሙ «አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት» ይሆናል። ያኔ የማስወገጃ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፎርም ይሞላል፣ ይፈረማል። ቀለሙን ለመጣል ይህን ሁሉ ሰው መሰብሰብ ከተቻለ ለመስጠት አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

አዲስ በጀት አልጠየቅኩም። ለክረምት የሚያስፈልገው ቀለም ከሰኔ 30 በፊት በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስም በሞዴል 22 ወጪ ይደረግ። ስቱዲዮው ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን አለው፤ ቆጣሪዎቹ እዚያው መጥተው ይቁጠሩት። የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት። የባልደረባዬ ውጤትም ይታይ። ብሩሽ ተሰጥቶት በተግባር እንደገና ይመዘን። የእኔም አብሮ ይመዘን። ከወረደም ይውረድ።

የሚቀጥለው ኮርሳችን የቀለም ቅብ ቀጣዩ ክፍል ነው። ሐምሌ ላይ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የክረምት ሠልጣኝ፣ ቦሌ አራብሳ

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ዲን ጽ/ቤት
ለሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል
ለንብረት ክፍል (ቆጠራው ካለቀ)