የጤናና በጎ አድራጎት ክበብ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር በእግር፣ ቀላሏም ቀን

የክበባችን የ2007 ዓ.ም. ትልቁ ሥራ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያደረግነው የእግር ጉዞ ነው። ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። በመስከረም አዳዲስ አባላት መዘገብን። በኅዳር የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ተሰጠ። ዓርብ ዓርብ በሰልፍ ሰዓት ስለ ንጽሕና አጫጭር መልእክቶች ቀረቡ። ባለፈው ክረምት የተከልናቸው ዋንዛዎችም ጸድቀዋል።

ጉዞውን ያሰብነው በገጠር ለሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊትና የእጅ መታጠቢያ ለማሠራት ነው። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ አባል ወላጁን፣ ጎረቤቱን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ በኪሎ ሜትር ቃል አስገባ። አንድ ሰው በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ቢል እንኳ፣ ልጁ ጎንደር ሲገባ 90 ብር ይሆናል። ልጆቹ ይህን ስሌት ለሰው ሁሉ እየነገሩ ነው ቅጹን ያስሞሉት።

ፊት መታጠብ ለምን? ትራኮማ ስላለ ነው። በሽታው በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ከፊት ናት፤ ከአገራችን ደግሞ የእኛ ክልል። ባክቴሪያው በዝንብ፣ በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ ጫፍ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ይታጠፋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መቧጨር ይጀምራል። ካልታከመ መጨረሻው ዓይነ ስውርነት ነው። ልጆች ሲያሳድጉ የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነሱን ይጎዳል። ይህን ተማሪዎቻችን ለፈተና በቃላቸው ይዘውታል።

ጥር መጨረሻ፣ በሴሚስተር ዕረፍት ተነሣን። የመጀመሪያው ቀን ዓባይን ተሻግሮ ሐሙሲት መግባት ነበር። ከበደን። አስፋልቱ ይፋጃል፣ ጫማ ይልጣል፣ የብዙዎቹ ተረከዝ ውሃ ቋጠረ። ስለዚህ በማግስቱ ያስያዝነው መንገድ አጭር ነበር፦ ከሐሙሲት ጉማራ ወንዝ፤ በቃ። ከፊሎቹ አኮረፉ። «ቲቸር፣ ለምን ወረታ አንገባም? እንችላለን እኮ!» አሉኝ። እንደሚችሉ አውቃለሁ። ግን በከባድ ቀን ሰው የሚያየው ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አገሩን እንዲያዩት ፈልጌ ነበር።

ደግሞም አዩት። ወደ ፎገራ ሜዳ ሲቀረብ መንገዱ ይለሰልሳል። ሩዙ ታጭዷል፤ የገለባው ክምር በየማሳው ቆሟል። በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ በቅሏል፤ ውሃ በተጠለፈበት ደግሞ ሽንኩርት። ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላሞች ቃርሚያውን ይግጣሉ። አባቱ በዚሁ አካባቢ የሚያርስ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለን፤ በክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ያን ቀን አስተማሪው እሱ ሆነ። ብዙው ገበሬ የሚዘራው ዘር «ኤክስ ጅግና» እንደሚባል፣ ስሙም እዚያው ካለችው፣ ጅግና ከምትባል ቦታ እንደመጣ፣ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ እንደሚሆን እየነገራቸው ሄደ። የከተማዎቹ ልጆች ከበውት ይጠይቃሉ። አንዲት ገበሬ «ውሰዱ ልጆቼ» ብላ የሽምብራ እሸት እስከ ሥሩ ነቅላ ሰጠችን፤ እየፈለፈልን፣ እየበላን ተጓዝን። ሃይሩፋችን ውሃ ጭኖ ከኋላ ይከተላል፤ የሚሳፈርበት ግን አልነበረም።

ጉማራ ድልድይ የደረስነው ገና ሳይረፍድ ነው። ከአንድ ዋርካ ሥር ዐርፈን በሶ ስንበጠብጥ አንዲት እናት አጠገባችን ተቀመጡ። ወረታ ለገበያ የሚሄዱ ናቸው።

«በእግራችሁ ጎንደር? ስለት አለባችሁ እንዴ?» አሉ።

«ለዓይን ነው፣ እማማ» አለች የክበቡ ጸሐፊ።

እሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ ከአንገታቸው ላይ ክር ሳብ አደረጉ። ከማተባቸው ጎን ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ትንሽ ናት፣ ጫፏ ከመሳሳቷ ብዛት ያብለጨልጫል። የሚወጋቸውን ሽፋሽፍት በእሷ እንደሚነቅሉት፣ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድም ልጃቸው እንደምትነቅልላቸው ነገሩን። የተነቀለው ደግሞ አጥሮና ጠንክሮ ይበቅላል፤ «ከበፊቱ የባሰ ይወጋል» አሉ። ልጆቹ ወረንጦዋን እየተቀባበሉ አዩ። በመጽሐፍ ያነበቡትን ነገር እጃቸው ላይ ይዘውት ነበር።

አብሮን የሚጓዘው ነርስ ቀረብ ብሎ ዓይናቸውን በእጅ ባትሪ አየና ቀዶ ሕክምናው በጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚሰጥ፣ ጊዜ እንደማይወስድ፣ በዚያው ቀን ቤታቸው እንደሚገቡ አስረዳቸው። እማማ የፈሩት ዓይናቸውን ጨርሰው እንዳያጠፉባቸው ነው። ነርሱ አልቸኮለም፤ እኛም የምንቸኩልበት አልነበረንም። ቆባቸውን እንጂ ብሌኑን እንደማይነኩት ደጋግሞ አስረዳ። የጤና ጣቢያውን ስምና የሚጠይቁትን ሰው በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። ወረቀቱን ከገንዘባቸው ጋር መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ያን ቀን ወረታ ለመግባት እየሮጥን ቢሆን ኖሮ እኒህን እናት «እንደምን ዋሉ» ብለን እናልፋቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማደሪያ በሰጠን ትምህርት ቤት እግር ታጠበ፣ ቫዝሊን ተቀባ፣ ካልሲ ተሰጣ። ማታ ስለ እማማ ሲያወሩ ሰማሁ። እስከዚያ ቀን «የኪሎ ሜትር ብር» እያሉ ይጠሩት የነበረውን ገንዘብ «የመታጠቢያው ብር» ማለት የጀመሩት ያን ምሽት ነው። እንዲህ በሉ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው ናቸው።

በቀረው መንገድ በደንብ ተፈተንን። ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ እንፍራዝ፣ ማክሰኚት፤ ከዚያ ወደ አዘዞ የሚወስደው ዳገት። ጎንደር ስንገባ ያነከሰ ነበር፣ የቀረ ግን የለም። ቃል ከገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ሳይጎተጎቱ ከፍለዋል፤ ክበቡ በእጅጉ ያመሰግናል። መታጠቢያው በሚያዝያ ተሠራ፦ ሮቶ፣ በሁለት ቁመት የተተከሉ ቧንቧዎች፣ ለትንንሾቹ ዝቅ ያለው። ሳሙናውን በየወሩ የሚያደርሰው ክበባችን ነው።

የ2008 ጉዞ ኮሚቴ ተመርጧል። በዕቅዱ ላይ ቀላል ቀን ሁለት እንዲሆን ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ከአዘዞው ዳገት በፊት። ለመጓዝ የምትፈልጉ የወላጅ ፈቃድ ይዛችሁ በመስከረም መጀመሪያ ተመዝገቡ፤ አዲስ ጫማ ያላችሁም ከአሁኑ እያደረጋችሁ አለስልሱት።