የፓውል ክሌ ሥዕል በቀለሙ ይታተምልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የሠዓሊውን የፓውል ክሌን «ሴኔሲዮ» የተባለ ሥዕል ስላወጣችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። በከተማዋ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ ሥዕል የማስተምር እንደ መሆኔ ለተማሪዎቼ የማሳየው እንዲህ ያለ ሥራ በቀላሉ አይገኝልኝም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ በመታተሙ ዋናው ነገሩ ጎድሎበታል።

ክሌ ይህን የሰው መልክ የሣለው እ.ኤ.አ. በ1922፣ በጀርመን በባውሃውስ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት በሚያስተምርበት ዘመን ሲሆን፣ ወርዱም ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሥራ ዛሬ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በብርቱካንማ መደብ ላይ አንድ ክብ ራስ ተቀምጧል፤ አንዱ ቅንድብ ሦስት ማዕዘን፣ ሌላው ቅስት፣ አፉም ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን ነው። ሠዓሊው ጉንጩን ከግንባሩ የለየው በጥላ ሳይሆን ሮዝን ከቢጫ፣ ቢጫን ከብርቱካን እያዋሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ቱኒዚያ ከተጓዘ ወዲህ ቀለም የሥራው ምሰሶ ሆኖለት ነበርና፣ በግራጫ ሲታተም ጉንጩ ከግንባሩ፣ ግንባሩም ከመደቡ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል።

ገጹን ቆርጬ ሰሌዳው ላይ በለጠፍሁ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ጣቷን በአፍንጫው መስመር ላይ እያወረደች፣ «መምህር፣ ፊቱ የት ጋ ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጋዜጣ ወረቀት የውሃ ቀለም ስለማይችል፣ ቀድሞ በመጽሐፍ ያየሁትን እያስታወስሁ በባለቀለም እርሳስ ቀባሁላቸው። ብሌኖቹን በቀይ ስሞላ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ብድግ ብለው አዩ።

ከሥዕሉ ሥር «ፊት የማይመስል ፊት» ብላችሁ መጻፋችሁም የተቻኮለ ይመስለኛል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዐይን በጎን ተሥለው እያዩ ያደጉ ናቸው። ክሌ ከዚያ ወሰደ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ፊት ከተፈጥሮ ሳይገለበጥ በሥርዓት ሊሣል መቻሉ ለእነዚህ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ገጻችሁ በቀለም የሚታተም በመሆኑ፣ ከማስታወቂያው ጎን የመዳፍ ያህል ቦታ ሰጥታችሁ ሥዕሉን ዳግም እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ የእኔን እርሳስ ሳይሆን የክሌን ቀለም እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

የሥዕል መምህር
ከኮዬ ፈጬ