ለአብሮ አደጌ፦ ማሽኗ ተነሳች

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

አንተ ልጅ፣ እንዴት ነህ?

እዚህች መስመር ላይ እየደረስኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አስራ ሁለት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ ሲጀምር ለራሱም ይከብደዋል። ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ይቅርታ አድርግልኝ። አንተማ ሁለት ጊዜ ደውለህ ነበር። ያላነሳሁት እኔ ነኝ።

አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋት። ሐዋሳ የራስህን ጋራዥ ከፍተሃል አለችኝ። ጀነሬተሩንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የሳር ማጨጃውንም ይሠራል አለች። አቦ ደስ አለኝ! ሳር የማይጠፋበት አገር ሄደህ ሳር ማጨጃ መሥራትህ ያንተ ነገር ነው።

የኔን አጭር አጭሩን ልንገርህ። አግብቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። አሁን የምኖረው ሳቢያን ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሞላት። መጨረሻ አካባቢ ሰው ይምታታባት ነበር፤ አንተን ግን አልረሳችም። «ያ ዘይት በዘይት የሚሆነው ልጅ የት ሄደ?» ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ሌላውን ሌላ ጊዜ። ዛሬ የጻፍኩልህ ስለ ማሽኗ ነው። እኔ ዘንድ ናት።

የትኛዋ እንዳትለኝ። ያቺው ናት፤ አብረን የሠራንበት የከዚራው ግቢ ትንሿ የሳር ማጨጃ ትራክተር። ግቢው ዕቃ ሲያጠራ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጨረታ አወጣት። ቁራሌዎች በኪሎ ሊወስዷት ሲዞሯት ደረስኩ። ጎማዎቿ ተኝተዋል። መቀመጫዋን አይጥ በልቶታል። የሞተር ክዳኗ ላይ ግን ያ በሚስማር የጫርከው ምልክት አለ። እሱን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ገዛኋትና በጋሪ አስጭኜ ሳቢያን አመጣኋት። ሚስቴ በሩን ከፍታ አይታት ምንም አላለችም። ዝም ብላ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወረችልኝ።

መጀመሪያ የነካሁት ማቀዝቀዣ ክንፎቹን ነው። ሽፋኑን ስፈታ የደረቀ ሳር በክንፎቹ መሃል እንደ ጡብ ተጋግሯል። አንተ በየወሩ ትጠርገው የነበረው ነገር። ሰው ይህ ሞተር በአየር ብቻ እንደሚቀዘቅዝ ይረሳል። በዚህ በኛ ሙቀት ደግሞ ክንፉ ከተደፈነ ሞተሩ ራሱን ነው የሚጠብሰው። ቀጥሎ ዘይቱን አወረድኩ፤ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ካርቡሬተሩን ፈታሁ። ውስጡ የቆየው ቤንዚን ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሠርቷል። ዘፍዝፌ አሳደርኩት። የነዳጅ መርጫዋን ቀዳዳ ከድሮ ኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኩት የመዳብ ክር አጸዳኋት። የብረት ሽቦ አልነካሁም። «ቀዳዳዋን በብረት ከቧጨርካት ከዚያ በኋላ የምትጠጣውን ልክ አታውቅም» ያለን ሽማግሌያችን ነበር አይደል? ከባቡር ጋራዥ ጡረታ ወጥቶ እንኳ ቡሎን ሲቆጥር በፈረንሳይኛ ነበር።

ካንዴላውን ነቅዬ አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ደፈንኩና ሞተሩን አዞርኩት። ጣቴን ገፈተረው። ጉልበት አላት ማለት ነው። ቤንዚን ደርሷታል። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝቼ ብረት ላይ አስደገፍኩትና ደግሜ አዞርኩ። ብልጭታዋ ቢጫ ናት። ደካማ፣ አንዴ መጥታ አንዴ የምትጠፋ።

እውነቱን ልንገርህ። በዚያች ሰዓትም አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ያው የድሮው ነገር ነው። ፑንቲናው ነው አልኩ፤ እየተከፈተ እየተዘጋ ብልጭታዋን የሚያስነሳው። ያኔ ሁሉም እንዳለው።

ያን ሳምንት ታስታውሰዋለህ። ሚያዝያ ነበር፣ 2005። አርብ ዕለት ቮላኖውን፣ ያን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረውን ከባድ ብረት፣ አውርደህ ፑንቲናና ኮንደንሰሩን ቀየርክ። ክፍተቱን ግማሽ ሚሊሜትር ላይ አስተካከልክ። ሦስት ጊዜ ነው የለካኸው፤ እኔ ሰልችቶኝ ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ተመለስኩ። ከዚያ እናትህን አመማቸው ተብሎ ተጠራህ። ቮላኖውን ቦታው ላይ አስቀምጠህ ለኔ ተውክልኝ። «ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ዘይት እንዳይኖረው። ዳዶውን በቶርክ ሬንች አጥብቅ። ሳጥኑ ውስጥ ነው» አልከኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

እኔ ዘንጉን አልጠረግኩም። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቶርክ ሬንችም አላወጣሁም። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ሳሩ ለቅዳሜው ሠርግ ይድረስ ይለኛል። ተራ ቁልፍ አንስቼ እጄ በቃ እስካለኝ አጠበቅኩ። ተነሳች። ስትነሳ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እየነዳኋት አጥሩ ጥግ ስደርስ ምላጩ ሳር ውስጥ የነበረ ብረት መታ። የድሮ የሐዲድ ቡሎን ነበር። እዚህ ከተማ የትም ብትቆፍር የባቡር ብረት አታጣም፤ ከተማው ራሱ በ1895 ዓ.ም. ከሐዲዱ ጋር የመጣ ነው። ማሽኗ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ቡሎኑን አንስቼ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ወረወርኩት። ለማንም አልነገርኩም።

ሌላ መካኒክ መጣ። ካንዴላውን አየ። ብልጭታዋ ደካማ ናት አለ። ፑንቲናውን የነካው ማነው አለ። ያንተ ስም ተጠራ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሰኞ ሲያሰናብቱህ ዓይኔን ፈልገህ እንዳየኸኝ አውቃለሁ። መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩት «ምናልባት ፑንቲናው ሊሆንም ይችላል» ነው። በዚህች «ምናልባት» አስራ ሁለት ዓመት ኖርኩባት።

እና አሁን፣ ባለፈው እሑድ፣ ፑንቲናውን ላጸዳ ብዬ ቮላኖውን አወረድኩት። በመዶሻ አይደለም፤ በመንቀያ ነው፣ ቀስ ብዬ። በቮላኖውና በዘንጉ መሃል የምትገባው ትንሿ ሽብልቅ ተቆርጣለች። ቮላኖውና ዘንጉ የሚገጥሙበት ያ ትንሽ ቦይ ተዛንፏል። ግማሿ ብረት ዘንጉ ላይ፣ ግማሿ ቮላኖው ውስጥ ቀርታለች። መዛነፉ የስንዴ ፍሬ ስፋት ቢሆን ነው።

ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም ግን ለራሴም ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው። ቮላኖውን አጥብቆ የሚይዘው ሽብልቋ አይደለችም። የሚይዘው ሾጣጣው ዘንግ ነው፤ ደረቅ ሆኖ፣ በዳዶው ኃይል ተጣብቆ። ሽብልቋ ቦታውን ብቻ ነው የምታሳየው። እኔ ዘንጉን በዘይቱ ተውኩት፣ ዳዶውንም አላልቼ ተውኩት። ስለዚህ ምላጩ ብረቱን መትቶ ሞተሩ በድንገት ሲቆም ቮላኖው በራሱ ክብደት መዞሩን ቀጠለና ሽብልቋን ቆረጣት። ቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪኩን በሚያመነጨው ቦቢና ፊት የሚያልፍበት ሰዓትና ፑንቲናው የሚከፈትበት ሰዓት ተለያየ። ብልጭታዋ የደከመችው ለዚህ ነው።

ፑንቲናውን አየሁት። መለኪያዋን አስገባሁ። ግማሽ ሚሊሜትር። ልክ አንተ እንደተውከው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ትልቋ ልጄ መጥታ «አባዬ፣ እጅህን ቆረጠህ?» አለችኝ።

ሰፈር ያለ አንድ ቶርኖ ቤት ሽብልቋን ከጠንካራ ብረት ልቅረጽልህ፣ ዕድሜ ልክ አትሰበርም አለኝ። እምቢ አልኩ። ያቺ ለስላሳ የሆነችው ሆን ተብሎ ነው፤ እሷ ተሰብራ ዘንጉን ታድናለች። አልተሰበርም ካለች የሚጣመመው ዘንጉ ነው፣ ያኔ ሞተሩም አበቃለት። ይህን አንተ ነህ የነገርከኝ። ስለዚህ ከአሉሚኒየም ቁራጭ በሞረድ ራሴ ሠራኋት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የመጀመሪያዋ ሰፋችብኝ፣ ሁለተኛዋ ገጠመች።

ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። ደግሜ ጠረግኩት። ቶርክ ሬንች ከጎረቤት ጋራዥ ተዋስኩ።

የቦቢናውን ክፍተት እንዴት እንደለካሁ ግን መንገር አለብኝ። አንተ ሁልጊዜ የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር የምታስገባው። ውፍረቱ ልክ ነው ትል ነበር። ሠርግ ቤት ስንሄድ ትርፍ ካርድ ስትለምን ሰው ሁሉ ግራ ይገባው ነበር። እኔም ቤት ፈልጌ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ አገኘሁ። የራሴ ሠርግ ካርድ ነው። ያንተን ስም ጽፌበት ሳልልከው የቀረው። አየህ፣ ጽፌው ነበር። እሱን በማግኔቱና በቦቢናው መሃል አስገብቼ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ።

ብልጭታዋ ሰማያዊ ሆነች። ጠንካራ፣ ጠቅ የምትል።

ሐሙስ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል አስነሳኋት። ሁለቴ ሳለች። በሦስተኛው ተነሳች! ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ልጆቹ ጮሁ። ሚስቴ ከልጆቹ በላይ ጮኸች። እኔ ግን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ፤ ይህቺ ሞተር ስትነሳ አጠገቤ ሆኖ የማያውቅ ሰው አይገባውም። ያኔ ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት።

ከዚህ በኋላ ያለው ይከብደኛል። አለቃችን ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ከዚራ ዛፉ ሥር ቡና ይጠጣል፤ አንዳንዴ እናልፋለን፣ ሰላም እንባባላለን። ቅዳሜ ሄጄ እነግረዋለሁ። ፑንቲናው ጤነኛ እንደነበር፣ ዳዶውን ያላላሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቡሎኑን የወረወርኩት እኔ እንደሆንኩ። ያን መካኒክም አገኘዋለሁ። ከነሱ በፊት ግን አንተ መስማት ነበረብህ። ሥራህን አይመልስልህም፣ አውቃለሁ። ያን ዓመት እናትህን ይዘህ እንዴት እንዳሳለፍከው እህትህ ትንሽ ነግራኛለች። የጠየቅኳት እኔ ነኝ።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። ይህን የምለው እንዲያው ለወጉ አይደለም።

ብትጽፍልኝ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽኗ ሥራ ሳይጫንባት ስትቆም ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል። ትጮኻለች፣ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትጮኻለች። ቾኩን ስቤ አየር ስቀንስባት ትረጋለች። ነዳጅ አንሷታል ወይም የሆነ ቦታ አየር ትስባለች ብዬ አስቤያለሁ። የካርቡሬተሩን ጋስኬት ከካርቶን ቆርጬ ነው የሠራሁት፤ እሱን እጠረጥራለሁ። የነዳጅ መርጫዋም በደንብ ጸድታ ላይሆን ይችላል። አንተ ያኔ ጆሮህን ታንከሩ ላይ ለጥፈህ ትለየው ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ ስታዳምጥ እኔና ሽማግሌው ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።

ስልኬን ከታች ጽፌልሃለሁ። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ከደወልክ ስልኩን ሞተሩ አጠገብ አድርጌ ላሰማህ እችላለሁ።

የተቆረጠችውን ሽብልቅ፣ ሁለቱንም ግማሽ፣ በካርዱ ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ ከትቻታለሁ። ስትከፍተው እንዳትወድቅብህ፣ ትንሽ ናት።

አብሮ አደግህ